ከብቅል ጋር የተሰጣ ዘበኛ

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ይህ በቀበሌ መታወቂያዬ ነው። እናቴን ከጠየቃችኋት ግን "በረዶ የመታን ዓመት ነው የወለድኳት" ነው የምትላችሁ፤ ላይ ጋይንት ላይ በረዶ ያልመታው ዓመት ካለ አሳዩኝና ዕድሜዬን ከዚያ ተነሥቼ አሰላለሁ። ለማንኛውም ልጅ አልነበርኩም ለማለት ነው። ልጅ ብሆን ኖሮ በልጅነት አሳብቤ እገላገል ነበር። እኔ ግን የመኪና ዕቃ ፀሐይ ላይ ያሰጣሁት፣ ባል አግብቼ፣ ንፋስ መውጫ ላይ ቤት ይዤ፣ ለሰው ምክር በምሰጥበት ዕድሜዬ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመኪናው አይደለም፤ ከናፍቆት ነው። እማዬ አንዲት እህት አለቻት፤ አክስቴ ጥሩዬ። በአንድ ቁርበት ተኝተው፣ በአንድ ጋቢ ተጠቅልለው ያደጉ ናቸው። ከዚያ አባታቸው አንዷን ሽቅብ ወደ ላይ ጋይንት፣ አንዷን ቁልቁል ወደ ስማዳ ዳሯቸው። እማዬ ይህን ስታወራ ሁልጊዜ በአንድ ቃል ነው፤ "እኔን ለብርድ፣ እሷን ለሙቀት ሰጡን" ትላለች።

እግራቸው ደኅና በነበረ ጊዜ ዓርብ ዓርብ መሀል መንገድ ላይ ባለችው ከተማ፣ አርብ ገበያ፣ ይገናኙ ነበር። አንዷ ከደጋው ድንች አዝላ፣ አንዷ ከቆላው ማሽላ ተሸክማ። ገበያው ምክንያት ነው እንጂ እማዬ ድንቿን ሸጣ የመጣችበትን ቀን አላስታውስም። ለእህቷ ሰጥታው ትመጣለች። አክስቴም ማሽላዋን ለእማዬ ትሰጣታለች። ሁለቱም ሳይሸጡ ሳይገዙ፣ ቀኑን ሙሉ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ ውለው ይለያዩ ነበር። በኋላ የእማዬ ዳሌ አልታጠፍ አለና እኔ ቤት ገባች። የአክስቴ ዓይን ደግሞ ቀስ በቀስ ጨለመ። አንዴ እማዬን አውቶቡስ ላይ ልናሳፍር ብለን ደረጃው ላይ ከወደቀች ወዲህ፣ አውቶቡስ ሲባል ፊቷን ታዞራለች።

ስልክ ሲመጣ ተመስገን አልን። እማዬ ስልኩን በሁለት እጇ ትይዝና፣ ያለ ስልክም ስማዳ ድረስ እንዲሰማ አድርጋ ትጮኻለች።

"አለሽ?"

"አለሁ! አለሽ?"

"አለሁ! አለሽ ወይ አንቺ?"

"አለሁ እኮ! አንቺ አለሽ?"

ካርዱ እስኪያልቅ ሁለቱ አሮጊቶች መኖራቸውን ሲያረጋግጡ ይቆያሉ። ሌላ ወሬ አይወጣቸውም። ከዚያ እማዬ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ትክ ብላ ታየዋለች። "ድምጿንስ ሰማሁት፤ እሷን ግን አላገኘኋትም" ትላለች።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ከወደ ስማዳ የመጣ ሰው የአክስቴን መልእክት አደረሰ። "አሁን ብርሃኑም ጠፍቶብኛል። ክረምት ሳይገባ እህቴ ትምጣና ፊቷን በእጄ ልዳስሰው" ብላለች። እማዬ ይህን በሰማችበት ቀን ምሳዋን አልበላችም፤ እራቷንም። ሰኔ ከገባ በዚያ መንገድ መኪና አይወርድም፤ ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱ ጭቃ ይሆናል። እስከ መስከረም መጠበቅ ሊኖር ነው። በእነሱ ዕድሜ እስከ መስከረም ብሎ ቀጠሮ የሚይዝ ደግሞ ደፋር ነው።

ባሌ ጌታሁን ድንች ነጋዴ ነው። አዲስ አበባ ከሚኖር ሰውዬ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ገዝቶ ነበር። ሰውዬው ሌባ አብዝቶ የሚፈራ ኖሯል መሰል፣ መኪናዋ ሆድ ውስጥ የት እንደተቀበረ የማይታወቅ የሌባ መጠበቂያ አስገጥሞባታል። ሲሸጥልን ከቁልፉ ሌላ ከክብሪት ቀፎ የሚያንስ ጥቁር ፕላስቲክ አስረከበን። "ይህን ከቁልፉ ጋር እንዳታስሩት። የሚነዳው ሰው ኪስ ውስጥ ይሁን። መኪናዋ ይህን ካላገኘች የሚነዳት ሌባ ይመስላታል፤ ትጮኽና ሞተሯን ትዘጋለች" አለን። እኛ ቤት ስሙ ዘበኛው ሆነ።

ዘበኛው የሚከፈት ነገር የለውም። ብሎን የለው፣ ክዳን የለው፤ እንደ እንቁላል ድፍን ነው። አንድ ጊዜ ከጌታሁን ሱሪ ጋር ዘፍዝፌ፣ አሽቼ፣ ጨምቄ፣ ገመድ ላይ ከሰቀልኩት በኋላ ነው ኪሱ ውስጥ መኖሩን ያወቅሁት። ምንም አልሆነም። እንዲያውም አማረበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አከብረው ነበር።

ቅዳሜ ጧት እማዬን የፊት ወንበር ላይ አስቀመጥናት። አስቀመጥናት ስላችሁ በቀላሉ እንዳይመስላችሁ። ጌታሁን ከላይ ይስባል፣ እኔ ከታች እገፋለሁ፣ እኛ ጋ የምትኖረው የጌታሁን እህት ውዴ በሩን ይዛ "ቀስ! እግሯን! ኧረ እግሯን!" ትላለች።

"እንደ ድንች ጆንያ ጫናችሁኝ" አለች እማዬ።

"ኧረ እማማ፣ ድንች እንደ እርስዎ አይሳደብም" አለ ጌታሁን።

ለእህቷ የያዘችውን ድንች ጭኗ ላይ አቅፋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጉዞ ጀመርን። ከግቢ ወጣን። ቁልቁለቱን ወረድን። ቀኑ ገበያ ነበር፤ ልክ ሰዉ መሀል ስንደርስ መኪናዋ ጮኸች።

እንዲያ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። አህዮች ጭነታቸውን እየጣሉ ተበተኑ። አንዲት ሴት እንቁላሏን አቅፋ ተቀመጠች። ሞተሩም ጸጥ አለ። ጌታሁን ምን እንደሆነ ለማየት በሩን ሲከፍት፣ ጎረቤታችን የሆነ ሰው፣ አብሮት ጠላ የሚጠጣ ሰው፣ ኮሌታውን ጨመደደው።

"ሌባ!"

"ኧረ እኔ ነኝ! ጌታሁን ነኝ! አታውቀኝም እንዴ አንተ ሰውዬ?"

"ጌታሁን መሆንክንስ አይቻለሁ። ታዲያ የገዛ መኪናህ ለምን ሌባ ትልሃለች?"

እማዬ በዚህ ሁሉ መሀል ድንቿን እንዳቀፈች ፊት ለፊቷን እያየች ነበር። ጩኸቱ ሲያቆም ወደ እኔ ዞረች።

"ደረስን?" አለችኝ።

የገበያው ሰው መኪናዋን እየገፋ ሽቅብ ወደ ቤት መለሰልን። እማዬ አልወርድም ስላለች እሷን ጨምሮ ነው የገፋው። እሷም በመስኮት እጇን እያወጣች "ተባረኩ፣ እድሜ ይስጣችሁ" እያለች እንደ ጳጳስ ገባች።

ጌታሁን ለሻጩ ደወለ። እኔም ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጥፌ ሰማሁ።

"ባትሪው አልቆ ነው" አለ ሰውዬው።

"እና እንቀይረዋ።"

"የታሸገ ነው ወንድሜ፣ አይከፈትም። ባትሪው ሲደክም ሙሉውን ነው የሚቀይሩት። መኪናዋን ይዘህ አዲስ አበባ ና።"

"መኪናዋ እኮ አትሄድም!"

ሰውዬው ትንሽ አሰበ። "እሱስ ልክ ነህ" አለ።

መሪጌታ ይባቤ ጋ ሄድን። መሪጌታ ሲነጋ ከማኅሌት ይወጡና፣ ቀን ቀን ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው ሬዲዮና ሞባይል ይጠግናሉ። ዘበኛውን ተቀብለው ገለባበጡት። ጆሯቸው ሥር ነቀነቁት። አሸተቱት።

"ኅቱም ነው" አሉ።

"ምን ማለትዎ ነው የኔታ?"

"የታተመ፣ የታሸገ። ሠሪው አይከፈት ብሎ ዘግቶታል። ሠሪ የዘጋውን እኔ አልከፍትም።"

"ባትሪ እኮ ነው የኔታ፣ ክታብ አይደለም!"

"ክታብም ሲከፍቱት ይረክሳል፤ ይህ ደግሞ ሲከፍቱት ይሰበራል። ነገ መኪናችሁ ድንጋይ ሆና ስትቀር፣ 'መሪጌታ ናቸው ያበላሹት' ልትሉኝ ነው። አይሆንም። ሂዱ፣ እግዜር ይከተላችሁ።"

ጌታሁን ራሱን እየነቀነቀ ወደ ቤት ተመለሰ። እኔ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም። ምክንያቱም ባትሪ አውቃለሁ። አባቴ ሬዲዮ ነበረው፤ የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም መድኃኒቱ ሁለት ነው፤ ፀሐይና ጥርስ። ዜናው ሲሰልል ድንጋዩን አውጥቶ ነከስ ነከስ ያደርገዋል፣ ወይም ቆርቆሮው ላይ ያሰጣዋል፤ ማታ ሬዲዮው ይናገራል። ታዲያ ዘበኛው ከሬዲዮ ድንጋይ በምን ይበልጣል?

በጥርስ ጀመርኩ። በመንጋጋዬ ያዝኩና ጥርቅም አደረግሁት። ዘበኛው ምንም አልሆነም። ጥርሴ ግን እስከ ዛሬ ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ያስታውሰኛል።

ቀረ ፀሐይ። የጋይንት ፀሐይ ታበራለች እንጂ አታሞቅም። በግቢያችን አንድ ብቻ ሙቅ ቦታ አለ፤ ነፋስ የማይደርስበት የቤቱ ጓሮ። እዚያ ደግሞ ውዴ ለሰኔ ሚካኤል ማኅበራችን ብቅል አስጥታበታለች። ብቅሉን በእጄ ዳሰስኩት፤ ሞቅ ብሏል። ዘበኛውን መሀሉ ላይ አስቀመጥኩና ቁራ እንዳይወስደው ብቅል አለበስኩት። አሁን ሳስበው እንኳን ዘበኛው፣ እኔ ራሴ ብሆን እዚያ እተኛ ነበር። በብልሃቴ ተደስቼ ወደ እማዬ ሄድኩ።

እማዬ አሁንም መኪናው ውስጥ ናት። እኔም የሹፌሩ ወንበር ላይ ወጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"እማዬ፣ ውረጂ እንግዲህ። ዛሬ አንሄድም።"

"ወርጄ እንደገና ልጫን? አልወርድም።"

"እዚህ ልትውይ ነው?"

"ቤት ብውልስ ምን እሠራለሁ። እዚህ ቢያንስ ፊቴ ወደ እሷ ነው።"

ቀና ብዬ አየሁ። እውነትም መኪናዋ ስትቆም አፍንጫዋን ወደ ቁልቁሉ አድርጋ ነው። ከአጥሩ ባሻገር ገደሉ፣ ከገደሉ በታች ያ ሁሉ ጭጋጋማ አገር ይታያል፤ ከዚያ ውስጥ የቱ ጋ አክስቴ እንዳለች እኔ አላውቅም። እማዬ ግን የምታውቅ ይመስል አንድ ቦታ ላይ ዓይኗን ተክላ ነበር።

"እንዴት ያለ ነገር ነው" አለች ቆይታ። "ፊቷን ላስበው ስል የልጅነቷ ነው የሚመጣልኝ። የፊት ጥርሷ የወለቀ ጊዜ ያለው። አሮጊቷን ጥሩን ማምጣት አቃተኝ። እሷ ዳስሳ ታውቀኛለች፤ እኔ አይቼ ባላውቃትስ?"

ድንቿን ከጭኗ ላይ ላነሣላት ብዬ እጄን ስዘረጋ አልሰጥም አለችኝ። እንዲሁ ቁልቁሉን ስናይ ቆየን። ስንት ሰዓት እንደሆነ እንጃ። ፀሐይዋ ጠፋች፣ ዳመና መጣ፣ ብርድ ሽው ሲለኝ ነው ብድግ ያልኩት።

ጓሮ ብሄድ ሰሌኑ ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ቆሟል። ብቅል የለም።

"ውዴ! ብቅሉስ?"

"አፈስኩት። ዳመናውን አታይም?"

"የት አደረግሽው?"

"ወፍጮ ቤት አድርሼው መጣሁ። ባለ ወፍጮው ቶሎ እፈጭልሻለሁ ብሎኛል።" ጎበዝ እንድላት ፈገግ አለች።

"ውስጡ ዘበኛው አለ!"

ውዴ አፏን ይዛ ቀረች። እኔ ነጠላዬን እየጎተትኩ ሮጥኩ። እሷም ተከተለችኝ። ጌታሁንም ሁለት ሴቶች ሲሮጡ አይቶ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ሮጠ።

ባለ ወፍጮው ዕድሜውን ሙሉ ከሞተር ጋር የኖረ ሰው ስለሆነ ጆሮው የለም። ሰው አፉን ሲከፍት ካየ ሰላምታ ነው ብሎ ነው የሚመልስ።

"አቁመው!" አልኩት ከበሩ።

"እግዜር ይመስገን! እናንተስ?"

"አቁመው! ብቅሉን! አቁመው!"

"ደኅና ናቸው! እናትሽ ተሻላቸው?"

እሱ የእናቴን ደኅንነት ሲጠይቅ፣ ወፍጮው ጓ አለ። ወፍጮውን የሚያዞረው ቺንጋ ወለቀ። ሁሉም ነገር ጸጥ አለ፤ በዚያ ጸጥታ መሀል "አቁመው!" የሚለው የእኔ ድምፅ ብቻ ቀረ። ባለ ወፍጮው እየተገረመ በእንጨት የወፍጮውን አፍ ቆረቆረና አንድ ነገር መዘዘ።

"ይህ ምን የሚሉት ጥንዚዛ ነው?"

ዘበኛው ነበር። ዙሪያውን ተሰንጥቆ እንደ ባቄላ ለሁለት ተከፍሏል። ተቀበልኩትና ዱቄቱ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለፕላስቲክ አልነበረም ያለቀስኩት፤ መኪናው ውስጥ ፊቷን ወደ ቁልቁሉ አዙራ ለተቀመጠችው ነው። ጌታሁን ሊቆጣኝ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ፊቴ በብቅል ዱቄት ነጥቶ፣ በዚያ ላይ እንባዬ መንገድ ሲያወጣ አይቶ ተወኝ። "ተነሺ፣ መሪጌታ ሳይነሡ እንድረስ" አለኝ።

መሪጌታ መነጽራቸውን አደረጉ።

"ተከፍቷል" አሉ።

"ወፍጮ ፈጨው የኔታ።"

"እኔ አልከፈትኩትም።"

"አልከፈቱትም።"

"ጌታሁን፣ ምስክር ነህ?"

"ምስክር ነኝ የኔታ።"

"እንግዲያስ ይምጣ።" ፊታቸው በራ። ለካስ እሳቸውም ውስጡን ለማየት ሲቋምጡ ነው የዋሉት! ዱቄቱን በዶሮ ላባ ጠረጉለት። ውስጡ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ የሆነች ባትሪ ተጣብቃ ተቀምጣለች። እሷን ነቀሉና፣ ወንበራቸው ሥር ከነበረ የተበላሸ ኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ አምሳያዋን ፈልገው አወጡ። በመበየጃ ነካ ነካ አድርገው አጣበቋት። ጌታሁን ይዞት ሮጦ ሄደ። ከላይ ሰፈር የመኪናዋ ጩኸት እኛ ድረስ ተሰማ።

"ገልብጫት ነው" አሉ መሪጌታ፣ እንደ ቀላል ነገር። እንደገና ነቅለው ገለበጧት።

ጌታሁን ሁለተኛ ሄደ። ጆሯችንን አቅንተን ጠበቅን። ጩኸት የለም። ከዚያ የሞተር ድምፅ፤ ከዚያ ፒክአፗ ራሷ፤ እማዬ ፊት ለፊት ተቀምጣ እያየችን መጣች።

"ሠሪው አሽጎት ነበር፤ እኛም እናሽገዋለን" አሉና መሪጌታ ከጋቢያቸው ሥር ጧፍ አወጡ። ሰሙን በትንፋሻቸው እያሞቁ፣ በጣታቸው እየዳመጡ፣ ሁለቱን ግማሽ ገጥመው ዙሪያውን መረጉት። ዘበኛው ጧፍ ጧፍ ሸተተ።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ወረድን። እማዬ መንገድ ላይ አንዲት አሮጊት ባየች ቁጥር "ቀስ በል እስኪ" ትለዋለች ጌታሁንን። አንገቷን አስግጋ ታይና "አይደለችም፤ ሂድ" ትላለች። አርብ ገበያን አልፈን ወደ ቆላው ስንጠጋ ሙቀቱ ጠነከረ። የጌታሁን የደረት ኪስ ወዛ። እጄን ብሰደው ሰሙ እየለሰለሰ፣ ዘበኛው ሊከፈት አፉን ሲያላቅቅ አገኘሁት። አወጣሁትና በሁለት ጣቴ ግጥም አድርጌ ይዤ፣ በነጠላዬ ጫፍ እያራገብኩለት ሄድኩ። እናቴ አጠገቤ በላብ ተጠምቃለች፤ እኔ የማራግበው ለዘበኛ ነው። እሷ ግን ልብ አላለችም። ፊቷ ወደ መንገዱ ነበር።

ስንደርስ አክስቴ ደጇ ካለው ግራር ሥር ተቀምጣ ነበር። ሞተሩን ስትሰማ በትሯን ይዛ ተነሣች። እማዬን አውርደን ፊቷ አቆምናት። አክስቴ እጇን ዘረጋች። ግንባሯን ነካች፣ ዓይኗን፣ አፍንጫዋን። አፍንጫዋ ላይ ቆየች።

"የእናታችን ነው" አለች። ቀጥላ ጉንጯን ዳሰሰች። "ዓለሜ! እንዴት ያለሽ አሮጊት ሆነሻል!"

"አንቺስ?" አለች እማዬ።

"እኔማ ራሴን አላይ፣ በምን አውቄው።"

እማዬ ሳቀች። ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ለቅሶ ሆነ። ተቃቅፈው እኔን፣ ጌታሁንን፣ ድንቹን ረስተው ቆሙ። ወዲያው ደግሞ ቁጭ ከማለታቸው፣ ልጅ ሆነው የእናታቸውን እንስራ የሰበረው ማን እንደሆነ ተነሣና ተጣሉ። "አንቺ ነሽ!" "ውሸታም! ገፍተሽኝ እኮ ነው!" ጌታሁን ሊያስታርቅ ቢሞክር ሁለቱም ተባብረው ዝም በል አሉት። እማዬ እንዲህ ስትጮኽ፣ እንዲህ ስትጣላ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻት አላውቅም። እኔ ቤት ሁልጊዜ ዝም ያለች ሴት ነበረች። ለካ የምታወራው ሰው አጥታ ነው።

ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ ዳመናውም ሲጠቁር "እማዬ፣ እንሂድ" አልኳት።

"እናንተ ሂዱ" አለች፣ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ። "ክረምቱን እዚህ ነኝ።"

"ልብስ እንኳ አልያዝሽም!"

"የእሷን እለብሳለሁ። አንድ ልብስ ስንለብስ ነው ያደግን።"

ልመናዬን ሁሉ ልንገራችሁ? አልነግራችሁም። ስንመለስ መሀል ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በመስኮቱ በኩል የነበረውን ቦታ ባዶ ትቼው መጣሁ። ጌታሁንም ጠጋ በይ አላለኝም።

ክረምቱ እንደዚያ ረዝሞብኝ አያውቅም። ብርዱም የዚያን ዓመት ነው የገባኝ፤ ሌላ ጊዜ እማዬ ምድጃው ዳር "ዝጉት በሩን" ስትል እሷን የበረዳት ነበር የሚመስለኝ። ጧት ተነሥቼ ሁለት ስኒ አወጣና አንዱን እመልሳለሁ። ስደውል አክስቴ ናት የምታነሣው። "እናትሽ ጎመን እየቀነጠበች ነው፣ ሥራ ይዛለች፣ ኋላ ደውይ" ትለኛለች። ኋላ ስደውል ደግሞ ሁለቱ ሲስቁ ይሰማኛል፤ በምን እንደሚስቁ አይነግሩኝም።

መስከረም ላይ መንገዱ ሲደርቅ ጌታሁን ሊያመጣት ወረደ። ብቻውን ተመለሰ። እማዬ ሳጥኗን እንዲያመጣላት ልካው ነበር። ሳጥኑ ውስጥ የክት ቀሚሷ፣ የአባቴ ፎቶግራፍና ለመግነዟ ያስቀመጠችው አቡጀዲ አለ። ጌታሁን በሳምንቱ ከድንቹ ጋር ጭኖ ወሰደላት።